የአስካለ ጥፊ

አስካለ መሞቷን የነገረኝ የድሮ አለቃችን አቶ ሙሉጌታ ነው። ስልኩን አንስቼ ወሬውን ስሰማ ከአፌ ቀድሞ የወጣው «ማን ገደላት?» የሚል ነበር። ሰውዬው «ኧረ ስኳሯ ነው፣ ከተኛች እኮ ቆየች» አለኝ። አፈርኩ። ግን በኔ አይፈረድም። አስካለን የሚያውቅ ሰው አልጋ ላይ ሆና ዝም ብላ ትሞታለች ብሎ አያስብም። ሞት እንኳ ቢመጣባት ቀድማ የምትሰነዝረው እሷ ትመስለኝ ነበር።

አሁን ልደታ ኮንዶሚኒየም ከቆመበት ብዙም ሳይርቅ፣ በደርግ ጊዜ ከባለቤቱ የተወረሰ አንድ ቪላ ነበር። የመሥሪያ ቤታችንን ስም አልጠራም፤ የሚያውቁት ያውቁታል። የቪላው ሳሎን ግድግዳው ፈርሶ ሰፍቶ፣ ማቀዝቀዣ ገብቶለት፣ በመሀሉ ሦስት ቁም ሳጥን የሚያህል ኮምፒዩተር ቆሞ ነበር። ከቡልጋሪያ የመጣ ነው። ክሊኒኩም፣ ኅብረት ሱቁም፣ ትምህርት ቤቱም ሥራቸውን ይልኩልናል፤ እኛ አስልተን በወረቀት እናወጣላቸዋለን። እኔ ኦፕሬተር ነበርኩ፤ ቴፕ እሰቅላለሁ፣ ፕሪንተሩን ወረቀት አጎርሳለሁ፣ የማሽኑን መብራቶች አያለሁ። የማሽኑ ሆድ ዕቃ ግን የአስካለ ነበር።

አስካለ የሰንጋ ተራ ሥጋ ሻጭ ልጅ ናት። ሶፊያ ሄዳ ተምራ መጥታለች። ከአባቷ ክንዱን፣ ከሶፊያ ስድቡን ይዛ መጣች እንል ነበር። ስትናደድ የምትሳደበው በቡልጋርኛ ስለሆነ ምን እንደተባልን ሳናውቅ እንሰደብ ነበር። በዕድሜ ትበልጠኛለች። እንደተቀጠርኩ ሰሞን «እትዬ አስካለ፣ ደህና አደሩ?» ብላት «አንቱታህን ለአማትህ አስቀምጥ። እዚህ ስሜን ጥራና ሥራህን ሥራ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አንቺ እንዳልኳት ቀረሁ፤ አሁንም ሞታ አንቱ ብላት የምትነሳ ይመስለኛል።

ትማታ ነበር። ይህን ሳላለባብስ ነው የምናገረው፤ ስለሞተች መልአክ አላደርጋትም። አንድ ቀን ቴፕ አበላሽቼ ብሰቅል መጠምጠሚያውን አንስታ ወረወረችብኝ፤ ግንባሬ ላይ ያለው ጠባሳ የሷ ነው። ማሽን ክፍል ውስጥ ሻይ ይዞ የገባን አንድ ሹም ብርጭቆውን ከእጁ ነጥቃ ሸሚዙ ላይ ደፍታበታለች። ማቀዝቀዣው አልነሳ ሲል በዘበኛው ዱላ ስትደበድበው ቆሜ አይቻለሁ፤ ተነሳላትም። እንፈራት ነበር። እንወዳት ነበር ብል ግን ውሸት ይሆንብኛል፤ እሱ በኋላ የመጣ ነው።

ጠቧ ሁሉ ዞሮ ዞሮ በአንድ ነገር ላይ ነበር፤ በትራፊ። ነገሩ እንዲገባችሁ ትንሽ ላስረዳ። ኮምፒዩተር ሲሠራ የሚሠራበትን ሁሉ ሜሞሪ በሚባለው ቦታ ላይ ይዘረጋዋል። ሜሞሪው በትንንሽ ገጾች የተከፋፈለ ነው። አንዱ ሥራ ሲያልቅ ገጾቹን ይለቃል። ተለቀቁ ማለት ግን የተጻፈባቸው ጠፋ ማለት አይደለም፤ የክሊኒኩ በሽተኛ ስም እዚያው እንዳለ ነው ገጹ ነፃ ሆነ የሚባለው። ገጹ ለሌላ ሥራ ከመሰጠቱ በፊት በዜሮ መሞላት፣ ማለትም መጽዳት አለበት። ይህን የሚያደርገው ከርነል የሚሉት የማሽኑ ዋና ፕሮግራም ነው፤ ሜሞሪውን የሚያድለው እሱ ነውና። ማጽዳት ደግሞ ጊዜ ይበላል። እሱ ሲያጸዳ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል።

አስካለ ይህን የምታስረዳው በአባቷ ግንድ ነበር። «አባቴ የአንዱን ሥጋ ከትፎ ግንዱን ሳይፍቅ የሌላውን ሰው ሥጋ አስቀምጦበት አያውቅም። ሰልፉ መንገድ ድረስ ቢወጣ ግድ አልነበረውም። እኔም የሰውን ትራፊ ለሰው አላቀርብም» ትላለች።

አቶ ሙሉጌታን ግን ሰልፉ ያስጨንቀው ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር። ከላይ «ሥራው ለምን ዘገየ?» ባሉት ቁጥር እህል አይወርድለትም። አስካለ የዓመት ፈቃዷን ወስዳ በሄደችበት ሰሞን ከሌላ መሥሪያ ቤት ባለሙያ ለምኖ አምጥቶ ከርነሉ ማጽዳቱን እንዲተው አስደረገ። እውነትም ሥራው ፈጠነ። ሁላችንም ደስ አለን።

ብዙም ሳይቆይ ለኅብረት ሱቁ ያወጣነው ሪፖርት መጨረሻ ላይ የማይመለከቱት መስመሮች አብረው ወጡ። ቀደም ብለን የሠራነው የክሊኒኩ ሥራ ትራፊ ነበር፤ የሰው ስም፣ ከጎኑም በሽታው። የኅብረት ሱቁ ጸሐፊ ሲያነበው የወንድሙን ሚስት ስም አገኘ። በሽታዋ ስሙ ጮክ ተብሎ የማይጠራው ዓይነት ነበር። ባሏ በዚያው ቀን በብረት ደበደባት። ወረቀቱ ከኛ እንደወጣ ነግረዋት ኖሮ ክንዷ ተሰብሮ፣ አንድ ዓይኗ አብጦ ተደፍኖ እስከ በራችን መጣች። «ምን አድርጌያችሁ ነው?» ብቻ ነው ያለችው።

አስካለ ከፈቃድ ስትመለስ ይህንን ከዘበኛው ሰማች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ አቶ ሙሉጌታ ቢሮ ገባች። ውጭ ሆነን የሰማነው መጀመሪያ ጥፊውን፣ ቀጥሎ መነጽሩ ወለል ላይ ሲያርፍ ነው። ሰውዬው ሲወጣ ጣቶቿ ጉንጩ ላይ ይታዩ ነበር። ዛሬስ አለቀላት፣ ተባረረች አልን። እሱ ግን መነጽሩን በፕላስተር ለጠፈና «የኔ ጥፋት ነው» ብሎ ሥራውን ቀጠለ። ለዚህች ነገር እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ።

አስካለ መምታት ብቻ አይደለም የምታውቀው። ሥራው መዘግየቱ እውነት መሆኑ አልጠፋትም። ስለዚህ ከርነሉን ከፍታ አንድ መላ አበጀችለት። ማሽን ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ይመስላል እንጂ ሰው ፊደል እስኪመታ፣ ቴፕ እስኪዞር ሲጠብቅ ብዙ ጊዜ ቦዝኖ ነው የሚውለው። በዚያች ክፍተት አንድ ጠራጊ ይነሳል፤ ጥቂት ገጽ ያጸዳል፤ መልሶ ይተኛል። ሥራ ካለ ጨርሶ አይነሳም። ያን ጊዜ ገጽ ለሚጠይቅ ሥራ ገጹ ሲሰጠው ብቻ እዚያው ይጸዳለታል። በዚህ አኳኋን ማንም የማንም ትራፊ አይደርሰውም፣ ሰልፉም አይረዝምም።

የቀረው ጠራጊው በአንድ ጊዜ ስንት ገጽ ይጥረግ፣ ምን ያህል ይተኛ የሚለው ነበር። መጀመሪያ ስግብግብ አደረገችው። ዳታ የሚመቱት ሴቶች ፊደሉ ከጣታችን ኋላ ነው የሚመጣው ብለው ጮኹ። ከነሱ ሁሉ ፈጣኗ አይናለም ነበረች፤ መስኮቱ አጠገብ ካለው ተርሚናል፣ ማለትም ከማሽኑ ጋር ከተያያዘው የመምቻ ጠረጴዛ፣ ተነስታ የማታውቅ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሴት። አስካለ እሷን መለኪያ አደረገቻት። ለሳምንታት ከምሳ በኋላ አይናለም ትመታለች፣ እኔ መብራቱን አያለሁ፣ አስካለ የገጹን ቁጥር ዝቅ፣ እንቅልፉን ረዘም ታደርጋለች።

«አሁንስ?»

«ገና ነው፣ ይይዘኛል።»

«አሁንስ?»

«ትንሽ ቀረው።»

በመጨረሻ አይናለም «አሁን ጠራጊ መኖሩንም አላውቅ» አለች። አስካለ ከት ብላ ሳቀች፤ እሷ ስትስቅም ያስደነግጣል። ጠራጊው በጣም ዘገምተኛ ሆኖ ነበር፤ ሜሞሪውን ሁሉ ለማዳረስ ማሽኑ ግማሽ ቀን ያህል ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ነበረበት። በተነሳ ቁጥር ከፊት ካሉት መብራቶች አንዷ፣ ቀይዋ፣ ብልጭ ትላለች። አስካለ «አንድ ቀዳዳ አለው» አለችኝ። ማሽኑ ሥራ ላይ ከዋለ የተለቀቁት ገጾች ሳይጸዱ ይቆያሉ። ከነትራፊያቸው ለሌላ ሥራ አይሰጡም፤ ነገር ግን ማሽኑ ፊት ተቀምጦ ሜሞሪውን እንዳለ በወረቀት የሚያወጣ ባለሙያ ቢመጣ ያነባቸዋል። «ይህን የሚችል ስንት ሰው አለ ደግሞ» ብላ ተወችው።

አፈሳው የበረታበት ጊዜ ነበር። ወጣቶችን ከዳቦ ሰልፍ፣ ከትምህርት ቤት በር፣ ከኳስ ሜዳ እያፈሱ በካሚዮን ጭነው ለውትድርና ይወስዷቸዋል። የአይናለም ታናሽ ወንድም ከኳስ ሜዳ ነው የታፈሰው፤ ማልያውን እንደለበሰ። ከጥቂት ወራት በኋላ ከቀበሌ «ተሰውቷል» የሚል ቃል መጣላት። ሬሳ የለ፣ ልብስ የለ። አይናለም ጥቂት ቀን ቀረች። ከዚያ ጥቁሯን ለብሳ መጣችና መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ መምታቷን ቀጠለች።

ከዚያ ከአንድ ወር በኋላ፣ በልደታ ማርያም ዕለት ጠዋት፣ ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ ግቢው ውስጥ ትንንሽ ወረቀቶች ተበትነው ተገኙ። «ሰኞ አፈሳ አለ። ወንዶች ልጆቻችሁን ከቤት አታስወጡ» ይላሉ፤ ሌላ ነገር የላቸውም። የኛ ማሽን የላቲን ፊደል እንጂ ሌላ ስለማያውቅ አማርኛው የተጻፈው በላቲን ነበር፤ እናቶቹ ለልጆቻቸው እየሰጡ አስነበቡ። የጻፈው ሰው ተጠንቅቋል። የኮምፒዩተር ወረቀት ጎንና ጎኑ ላይ ያለውን ቀዳዳ ቀዳዳ ጠርዝ ገንጥሎ ጥሎታል። የረሳው ወረቀቱ ከፋብሪካው ተሰምሮበት የሚመጣውን አረንጓዴ መስመር ነው። ሌላ ሰው ቢሆን መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነበር። እኛ ግን ዓመት ከዓመት በዚያ ወረቀት ውስጥ ስንኖር መስመሩ ለዓይናችን ጠፍቶ ነበር፤ ለኛ ባዶ ወረቀት ማለት እሱ ነው። ልደታ ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለ ወረቀት ያለው ከኛ በቀር ማንም አልነበረም።

በዚያው ቀን ረፋዱ ላይ አንድ ሻምበል ወታደሮች አስከትሎ መጣ። ዘበኛው «ማን ልበል?» ሲል በሰደፍ አፉን አሉት። ጥርሱን በመዳፉ ይዞ በሩ ሥር ተቀመጠ። ሻምበሉ ማሽን ክፍል ገብቶ የያዘውን ወረቀት ከኛ ወረቀት አጠገብ አስቀመጠ። «የማነው?» አለ። ከሁሉ የቀረብኩት እኔ ስለሆንኩ መጀመሪያ እኔን መታኝ፤ ከዚያ ሌላውን፣ ከዚያ ሌላውን። ወረቀቱ ጠዋት ሳንገባ በፊት የታተመ መሆኑን ከመገመት በቀር በውነት የማውቀው ነገር አልነበረም። ባውቅስ ኖሮ ምን አደርግ ነበር የሚለውን እስከ ዛሬ ለራሴም መልሼ አላውቅ።

ሻምበሉ ሲደክመው ስልክ ደወለ። ከራሳቸው አንድ የኮምፒዩተር ባለሙያ ጋር ነበር የሚነጋገረው፤ ሰውዬው ከከተማ ውጭ ሆኖ ከሰዓት በኋላ እደርሳለሁ ብሎታል። ሻምበሉ የሚሰማውን ጮክ ብሎ ስለሚደግም ሁላችንም ሰማን።

«እንዳይጠፋ? እሺ። ሜሞሪው ውስጥ ጽሑፉ ይኖራል? ከየትኛው ተርሚናል እንደተመታም ያሳያል? እሺ፣ እሺ።»

ሴቶቹ ሁሉ የሚሠሩት በአንድ የጋራ መግቢያ ስም ነበር፤ ስለዚህ ስም አይገኝም። ተርሚናሉ ከታወቀ ግን ሰው ታወቀ ማለት ነው፤ እያንዳንዷ የራሷ ቦታ አላት። በዚያን ጊዜ እንዲህ ባለ ነገር የተያዘ ሰው ተመልሶ እንደማይመጣ ልጅም ያውቀዋል።

ባለሙያው ያለው «አታጥፉት» ብቻ ነው። ሻምበሉ ከራሱ ጨመረበት። «አይጠፋም። አይሠራምም። ያለው ሥራ ሁሉ አሁን ይቁም፤ እስኪመጣ ማንም እንዳይነካው» አለ። የፈተና ውጤት እያወጣን ነበር። አስካለ እንደታዘዘችው ሥራውን አቆመች። አንድ ወታደር ማሽኑን እንዲጠብቅ ጠብመንጃውን ደረቱ ላይ ይዞ፣ ጀርባውን ለማሽኑ ሰጥቶ ተገተረ።

ያኔ ቀይዋ መብራት ብልጭ አለች። ቆየት ብላ እንደገና። አስካለን አየኋት፤ እሷም መብራቷን እያየች ነው። ገባኝ። ማሽኑ ሥራ ፈትቷል፣ ጠራጊው ተነስቷል። ወታደሩ በጠብመንጃ የሚጠብቀው ማስረጃ ከጀርባው አንድ ባንድ እየተጠረገ ነው። ባለሙያው እስኪመጣ ማሽኑ እንዲሁ ቦዝኖ ከቆየ የጻፈው ሰው ይተርፋል። አንድ ሥራ ከተነሳ ግን ጠራጊው ይተኛል፣ ጽሑፉም ከነተርሚናሉ ቁጭ ብሎ ባለሙያውን ይጠብቃል። ያን ያህል ዘገምተኛ ያደረግነውን ቁጥር በልቤ ረገምኩት።

ምሳ ሰዓት ሲቃረብ ስለ ፈተናው ውጤት ከላይ ተደወለ። አቶ ሙሉጌታ ወደ ሻምበሉ ቀረበ። «ጓድ ሻምበል፣ ውጤቱን ዛሬ ይጠብቃሉ። ማሽኑ ብቻውን ይሥራ፤ ማንም አጠገቡ አይደርስም» አለ። ምስኪን፣ ደግ የሠራ መስሎታል። ሻምበሉ አገጩን እያሸ አሰበ። የደወለው ሰው ከሱ በላይ ሳይሆን አይቀርም፤ ፊቱ ሲላላ አየሁት።

«ብቻውን ከሆነማ» ብሎ ጀመረ።

አስካለ ከወንበሯ ተስፈንጥራ ተነሳች። «እኔ አስነሳዋለሁ። አንዴ ብቻ ልንካው፣ አንዴ» እያለች ኪቦርዱ ላይ ተወረወረች። እንደዚያ ስትርበተበት አይቻት አላውቅም። ዓይኗ ይቅበዘበዛል፣ ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል፤ ቁርጥ ሌባ። ሻምበሉ «አሃ» አለ፤ «ልታጠፊው ነው። በላት።» ወታደሩ ሰደፉን በቀኝ እጇ ላይ አወረደው። የጣቶቿ አጥንት ሲሰበር ከወዲያ ጥግ ሆኜ ሰማሁት። «ከእንግዲህ ይህን ማሽን የሚያስነሳ ሰው በጥይት ነው የሚመታው» አለ ሻምበሉ። ይህንን ነበር የፈለገችው። አቶ ሙሉጌታ ወደ ግድግዳው ተመለሰ። ቀይዋ መብራት ብልጭ አለች።

ወለል ላይ ጥለው ረገጧት። በቡልጋርኛ ተሳደበች፤ በማያውቁት ቋንቋ መሰደባቸው ይበልጥ አናደዳቸው። ስልኩ እንደገና ሲጮኽና ሻምበሉ ሲያመነታ በጉልበቷ ወደ ኪቦርዱ ትሳባለች። ያን ጊዜ ጥርጣሬው ይመለስና እንደገና ይመቷታል። ፊቷ ሌላ ሰው ሆነ። ለምን እንደምትሳብ ከሷ በቀር የገባኝ እኔ ብቻ ነኝ። ሮጬ ልይዛት፣ በቃ ተይው ልላት እያማረኝ ከንፈሬን ነክሼ ቆምኩ። ልረዳት የምችለው ዝም በማለት ብቻ ነበር፤ ከዚያ የከበደ ሥራ በዕድሜዬ ሠርቼ አላውቅም።

ያልቻለችው አይናለም ናት። ከሴቶቹ መሀል ብድግ አለች። ፊቷ አመድ መስሏል። የዚያን ጊዜ ነው ወረቀቱ የማን እንደሆነ ያወቅሁት።

«ተዉአት» አለች። «እሷ አይደለችም። እኔ...»

አስካለ በዚያ ሁኔታዋ እንዴት ተነስታ እንደቆመች ዛሬም አይገባኝም። ወታደሮቹ ሳይደርሱባት አይናለም ፊት ቆመችና በግራ እጇ አጮለቻት። የአስካለን ጥፊ ብዙ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለውን ግን አላየሁም። አይናለም ከበሩ መቃን ጋር ተላትማ ወደቀች።

«አንቺ ነሽ ደግሞ ለኔ የምታዝኚልኝ?» አለቻት። አፏ በደም ተሞልቶ ቃሉ ይንገዳገዳል። «የማንም ጸሐፊ አያማልደኝም። አፍሽን ዘግተሽ ተቀመጪ።»

ወታደሮቹ ሳቁ። ሻምበሉም ሳቀ። «ይቺ አውሬ ናት እኮ፤ የገዛ ሰዋን ትበላለች» አለ። አይናለም ልትል የጀመረችው ምን እንደሆነ የጠየቀ የለም። ጥፊውን ያየ ሰው ሌላውን ረሳው። አይናለም ከቀኝ ጆሮዋ ደም እየወረደ ወለል ላይ ተቀመጠች። አስካለን ቀና ብላ አየቻት፤ አስካለም አየቻት። አይናለም ሁለተኛ አልተነሳችም።

ባለሙያው የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ክራቫት ያሰረ፣ ቀጠን ያለ፣ ጠይም ሰው ነበር። መሬት ላይ ያለችውን አስካለን አየና ፊቱን አዞረ። ማሽኑ ፊት ተቀምጦ ሜሞሪው እንዳለ እንዲታተም አዘዘ። ፕሪንተሩ መንጫጫት ጀመረ። እኔ ነበርኩ ወረቀቱን የምቀበለው። የመጀመሪያው ወረቀት ላይ የከርነሉ የራሱ ነገር ወጣ፣ ቀጥሎ የቆመው የፈተና ሥራ። ከዚያ ዜሮ መጣ። ከላይ እስከ ታች ዜሮ፣ በሚቀጥለውም ዜሮ። ሻምበሉ ከትከሻዬ በላይ ያያል። ወረቀቱ እየተጣጠፈ እስከ ጉልበቴ ተከመረ፤ ከዜሮ በቀር አንዲት ፊደል አልነበረበትም። ፕሪንተሩ ቆመ።

«ተበላሽቷል?» አለ ሻምበሉ።

ባለሙያው መብራቶቹን ተራ በተራ ያያቸዋል። ከዚያ ወንበሩን አዙሮ አስካለን ጠየቃት፤ በአክብሮት ነበር።

«ሥራ ሲፈታ ነው የሚያጸዳው?»

«አዎ» አለች።

«የእርስዎ ሥራ ነው?»

«የኔ ነው።»

ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ። ወደ ሻምበሉ ዞረና «ማነው ማሽኑን ሥራ ያስፈታው?» አለ። ሁላችንም መሬት መሬቱን አየን። «እኔ አታጥፉት ነው ያልኩት። ሥራው ቢቀጥል ኖሮ የምንፈልገውን አገኝ ነበር። ቁጭ አድርጋችሁ በጥበቃ አስጠርጋችሁታል።»

ሻምበሉ ነገሩ እስኪገባው ትንሽ ቆየ። ሲገባው ሽጉጡን አውጥቶ የአስካለ ግንባር ላይ ደገነ። እሷ ዓይኗን አልጨፈነችም። ባለሙያው ከወንበሩ ሳይነሳ «ሪፖርቱ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ?» አለው። «ማሽኑ ቀድሞውንም ብልሽት ነበረበት ልበል፣ ወይስ አንተ አቆምከው ልበል?» ሻምበሉ ለረጅም ጊዜ እንደደገነ ቆመ። ከዚያ ሽጉጡን አዙሮ በእጀታው ቅንድቧ ላይ መታትና መለሰው። ያ ባለሙያ ለምን እንዲህ እንዳደረገ አላውቅም። ስሙንም አልነገረንም፤ ከዚያ ወዲህ አይቼው አላውቅም።

አስካለን ግን ይዘዋት ሄዱ። ሰኞ አፈሳው መጣ፤ አይናለም ቀድማ ከየት እንደሰማችው እስከ ዛሬ አላውቅም። ካሚዮኖቹ ከሰንጋ ተራ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ሲመላለሱ ዋሉ፤ መንገዱ ላይ ከሽማግሌና ከሴት በቀር ሰው አልነበረም። አስካለ ከብዙ ሳምንት በኋላ ተፈታች። ውስጥ እግሯን ገርፈዋት ነበር፤ በተረከዟ ነበር የምትሄደው። እዚያ ምን እንደጠየቋት፣ ምን እንዳለቻቸው አንድም ቀን አልተናገረችም። ሥራ በገባችበት ቀን የቀኝ እጇ ጣቶች ስለማይታዘዙላት እኔን ኪቦርዱ ፊት አስቀመጠችኝና የጠራጊውን ቁጥር ከፍ አስደረገችኝ። «ከዚህም በላይ» አለች። «ከዚህም በላይ።» ፊደሉ ከጣታቸው ኋላ መምጣት ጀመረ። ከሴቶቹ አንዷም ቅር አላላትም።

ለአይናለም ይቅርታ ጠይቃት አታውቅም። አይናለምም አመስግናት አታውቅም። አስካለ እንደ በፊቱ ትጮህባት ነበር፤ የወረቀት ሳጥን ስትወረውርባትም አይቻለሁ። የአይናለም ቀኝ ጆሮ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አልሰማም። ዘመኑ አለፈ፣ ቪላው ፈረሰ፣ ሁላችንም ጡረታ ወጣን። ሁለቱ ባልና ልጅ ሳይኖራቸው ጎን ለጎን ቤት ተከራይተው አረጁ። በየወሩ ለልደታ ሲሄዱ መንገድ ላይ አገኛቸው ነበር። አስካለ ሁልጊዜ በአይናለም ግራ በኩል ናት። መኪናው በዚያ በኩል ቢመጣ፣ ጭቃው በዚያ በኩል ቢሆን፣ በግራ። አንድ ቀን እኔ ሳላስበው በግራ በኩል ብገባ አስካለ ያንን ሁሉ ዓመት ተሸክማ በትከሻዋ ገፍታ ወደ ቦዩ ልትጥለኝ ነበር።

ቀብሯ ልደታ ማርያም ነው የተፈጸመው። ሰው ብዙ አልነበረም። አቶ ሙሉጌታ በከዘራ መጥቶ ነበር። ሬሳው ፊት ፊት ሲሄድ አይናለም ከኋላ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብቻዋ ትሄዳለች። ደረስኩባትና «እግዜር ያጽናሽ» አልኳት። ዝም አለችኝ። በቀኟ በኩል መሆኔ ትዝ አለኝና ዞሬ በግራዋ ገባሁ። እጄን ያዘችው፤ እጇ ቀዝቃዛ ነበር።

«በዚህ በኩል አትሁን» አለችኝ። «የሷ ነው።»

ወደ ቀኟ ተመለስኩ። በዚያ በኩል የምላትን እንደማትሰማ አውቃለሁ፤ እስከ ጉድጓዱ አፍ ድረስ ግን እያወራኋት ሄድኩ።